የቤቱ የቀድሞ ፊት

የሮማ ሕግ የሚያስተምሩን ሰው ባዶ እጃቸውን ክፍል ገብተው አያውቁም። ስለ ውሰት ሲያስተምሩ የጎረቤታቸውን ጃንጥላ ይዘው መጡ። ስለ ሽርክና ሲያስተምሩ አንድ ዳቦ ለሁለት ተማሪዎች ሰጥተው እስኪጣሉ ድረስ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ተማሪው ሁሉ «ሮማዊው» ይላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ አንድ ቀን አርፍደው ሲገቡ «ከሮም ድረስ ስመጣ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው» ብለውናል።

ያን ዕለት ያመጡት ዶሮ የተሣለችበት ጣውላ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አቁመው ወደ እኛ አዞሩት።

«ጣውላው የጎረቤቴ ነው። ሳታስፈቅድ ዶሮዋን የሣለቻት የልጅ ልጄ ናት። አሁን ጎረቤቴ ጣውላዬን ይላል፣ የልጅ ልጄ ዶሮዬን ትላለች። ለማን እንፍረድ?»

«መምህር፣ ዶሮዋን አይተን ነው የምንፈርደው?» አለ ከኋላ የሚቀመጠው የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ላይ ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ከእኛ ጋር ይማራል። «እንደማያት ከሆነ ጎረቤትዎ ተበድሏል።»

ክፍሉ ሳቀ። ሮማዊውም ሳቁና ማብራራት ጀመሩ። ሮማውያን ሰው በሌላ ሰው ብራና ላይ ቢጽፍ፣ በወርቅ እንኳ ቢጽፍ፣ ጽሑፉ ብራናውን ይከተላል ብለዋል። ሥዕል ሲሆን ግን ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ነገሩን ገለበጡት። ጣውላው ሥዕሉን ይከተላል። ሠዓሊው የጣውላውን ዋጋ ይክፈል እንጂ ሥራው የራሱ ነው።

ትኬት ቆራጩ እጁን አወጣ። «ከሞቱ ስንት ዘመን የሆናቸውን ሰዎች ጣውላ እኛ ምን አድርጉ ተብለን ነው የምናጠናው?»

ሮማዊው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ከፍተው አንድ አንቀጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይህን ታውቀዋለህ። እኔ አያቱን እያስተዋወቅሁህ ነው። ግንባሩን ከማን እንደወሰደ ካላወቅህ፣ የተኮሳተረብህ ቀን ምን አጠፋሁ እያልክ ነው የምትኖረው።»

ሁሉም ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም። የማስበው ስለ ቤታችን ቁም ሳጥን ነበር።

የምንኖረው በአከራያችን ግቢ ጥግ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ውስጥ የተሠራ፣ ሁለት መዝጊያ ያለው ቁም ሳጥን አለ። በቀኙ መዝጊያ ውስጠኛ ገጽ ላይ እናቴ አለች። አባቴ ታፔላ ሠሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሣለው ፊደል፣ መቀስ፣ ጎማና መንጋጋ ነው፤ ከሰው ወገን የሣለው እሷን ብቻ ነው። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፣ አንደኛው እጅጌዋ ተሰብስቧል። ሲሥላት ወሬዋን አላቋርጥ ስላለች አፏ ትንሽ ከፈት ብሎ ቀረ። እሷ ስትሞት እኔ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ልብስ ላወጣ መዝጊያውን ስስበው አብራ ትመጣለች።

«አባዬ፣ ዛሬ ምን እያለች ነው?» እላለሁ።

«ካልሲሽ ተቀዷል እያለች ነው» ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ጨው ይቀንስ እያለች ነው።»

በዚያ ወር መጨረሻ ከቤቱ መውጣት ነበረብን። አከራያችን፣ እማማ የምላቸው ልብስ ሰፊ፣ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ቤቱን ሸጠው ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ነው። የገዛው የጥርስ ሐኪም ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ሁሉን ነገር አንድ በአንድ ያያል። ስልኩን ይዞ በየክፍሉ ዞረና እያንዳንዱን በር፣ እያንዳንዱን ቧንቧ ፎቶ አነሳ። ቁም ሳጥኑን ያነሳው ተዘግቶ ነው። በውሉም በሮች፣ መስኮቶችና የግድግዳ ቁም ሳጥኖች እንደታዩ ይረከባሉ ተባለ። እማማም ፈረሙ።

እንግዲህ የዶሮዋን ትምህርት ተምሬ ወደ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል።

«አባዬ፣ መዝጊያው የኛ ነው! ሥዕል ጣውላን ያሸንፋል። ሮማውያን ናቸው ያሉት።»

አባቴ ብሩሾቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር። «ሮማውያን ቤቱን አይተውታል?»

«ቀልዱን ተወው እስቲ።»

«አልቀለድኩም። እማማ ቃል ሰጥተዋል። በእርጅናቸው ቃላቸውን አላሳጥፋቸውም። ደግሞ ሲወጡ በር ነቅለው ሄዱ ሊባል ነው?»

«ታዲያ እዚህ ትተናት ልንሄድ ነው?»

አንዱን ብሩሽ ፈታና እንደገና ጠቀለለው።

«እሺ ሌላ ሣላት» አልኩት።

«ሞክሬያለሁ።» ከአልጋው ሥር ግማሽ ደርዘን የሚሆን ካርቶን አወጣ። በሁሉም ላይ አንዲት ቆንጆ ሴት ፈገግ ብላለች። የሴቶች ፀጉር ቤት ታፔላ ላይ ያለችው ሴትዮ ናት፣ ጸጉሯ ብቻ የእናቴ ነው። «እያወራች ካልሆነ አይመጣልኝም» አለ። «አፏን ዘግቼ ስሥላት ሌላ ሰው ትሆናለች።»

በማግስቱ ሮማዊው ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ባመጧቸው ዕቃዎች ተሞልቷል፣ የጎረቤታቸው ጃንጥላም እስካሁን አልተመለሰም። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። እስክጨርስ ዶሮዋን በእጃቸው እያገላበጡ ሰሙኝ።

«ተረጋጊ» አሉ። «ሥዕል ጣውላን ያሸንፋል። ከቤት ጋር የተያያዘ ነገር ግን ቤቱን ይከተላል። ቤት ሥዕሉንም ጣውላውንም ያሸንፋል። ለመሆኑ መዝጊያው እንዴት ነው የተያያዘው?»

«በማጠፊያ ነዋ።»

«በምን ዓይነት ማጠፊያ?»

ጣቶቼን አጥፌና ዘርግቼ ላሳያቸው ሞከርኩ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት በየቀኑ ስትከፍቺው ኖረሽ? ሂጂና እዪው። አንቀጽ ለመፈለግ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ዕቃውን እዪ።»

ሄጄ አየሁት። ወንበር ይዤ ቁም ሳጥኑ ፊት ተቀመጥኩ፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን፣ ከዚያ እንደገና ግራውን መረመርኩ። የግራው መዝጊያ በሦስት የብረት ማጠፊያዎች ተይዟል። ቤቱ በተቀባ ቁጥር አብረው ስለተቀቡ የብሎኖቹ ጭንቅላት በቀለም ተደፍኗል። የቀኙ ማጠፊያዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ነሐስ ናቸው፣ ብሎኖቻቸውም ንጹሕ ናቸው። የግራው መዝጊያ ከተገጣጠሙ ሳንቃዎች የተሠራ ነው፣ የቀኙ አንድ ወጥ ጣውላ ነው። በቀኙ መቃን ላይ ጣቴን ሳስኬድ፣ ከቀለሙ ሥር የተደፈኑ የብሎን ቀዳዳዎች አገኘሁ። ቁመታቸው ከግራው ማጠፊያዎች ጋር ልክ ነው። እዚያ ቦታ ላይ በፊት ሌላ መዝጊያ ነበረ ማለት ነው።

አባቴ ከሥራ ሲመጣ ገና እዚያው ተቀምጫለሁ።

«አባዬ፣ የቀኙ መዝጊያ የዚህ ቤት አይደለም።»

ኮፍያውን አወለቀ። «የሕግ ትምህርት ነው ብለሽኝ መርማሪ ፖሊስ ሆነሽ መጣሽ?»

ከዚያ ነገረኝ። ጣውላው ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ታፔላ የተዘጋጀ ነበር። ሰውየው ቀብድ እንኳ ሳይሰጥ ከተማ ቀይሮ ጠፋ። አንድ እሑድ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ጎረቤት ስታወራ፣ አባቴ ለቀልድ ብሎ ጀመረ፤ ሲመሽ ቀልድ አልሆነም። እሷም አየችውና «እንደ ሹም ግድግዳ ላይ አትሰቅለኝም» አለችው። «ሥራ ስጠኝ።» እሱም የድሮውን መዝጊያ ነቅሎ እሷን ተከለ። ሰው እንዳያያት ሥዕሉን ወደ ውስጥ አደረገው፤ አባቴ ዓይን አፋር ነው።

«የድሮው የት ሄደ?»

«እናትሽ ናት የወሰደችው። ማገዶ ሳታደርገው አልቀረችም።»

ሮማዊው ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አፋተጉ። «ጣውላው የአባትሽ፣ ሥዕሉ የአባትሽ። ተመልከቺ፣ ጥያቄው ሌላ ጥያቄ ሆነ! ሮማውያን ደግሞ ይህንኑ ጠይቀዋል። ተከራይ በተከራየው ቤት ላይ በር ቢጨምርስ? በር ነው ያሉት፣ እኔ አይደለሁም።»

«ምን አሉ?»

«ሲወጣ ይውሰድ አሉ። ቤቱን ግን አይጉዳ፣ የቀድሞ ፊቱንም ይመልስለት።»

«የቤቱን ፊት?»

«የቤቱን ፊት።»

«የቀድሞ ፊቱ ማገዶ ሆኖ ከሆነስ? አናጢ አዲስ ቢሠራልን?»

«ይቻል ይሆናል። መጀመሪያ ግን የቀድሞውን ፈልጊ። ለዚህ ሮማውያንን አትጠይቂያቸው፤ አከራይሽን ጠይቂ።» ወደ በሩ ስሄድ ደግሞ ጠሩኝ። «በይ ስትጨርሺ ማን እንደረታ ንገሪኝ። ጥሩ ክርክር ነው።»

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። እማማን ልጠይቅ ብዬ ልከራከር ሄድኩ። ነገሩን በሁለት ገጽ ጽፌው ነበር፤ መጀመሪያ ፍሬ ነገሩን፣ ቀጥሎ ሕጉን፣ በመጨረሻ ጥያቄዬን።

እማማ ክፍላቸው ውስጥ ሻንጣ እያዘጋጁ ነበር። አንድ ሻንጣ ብቻ ነው የሚይዙት። ስፌት መኪናቸው ለገዢ ተሰጥቷል፤ የቀረው መሐል ወለሉ ላይ የቆመው የመቁረጫ ጠረጴዛቸው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደማውቀው እስከ ወለል የሚወርድ ወፍራም ጨርቅ ለብሷል። ሥሩ ቤት ሠርቼ ተጫውቼበታለሁ።

ቆሜ አነበብኩላቸው። «ተከራይ በተከራየው ቤት ላይ መዝጊያ የጨመረ እንደሆነ...» እያልኩ ሁለተኛው ገጽ አጋማሽ ደረስኩ። ቀና ስል እማማ ያጣጥፉት የነበረውን ልብስ አስቀምጠዋል።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቺና እኔ ተከራይና አከራይ የሆንነው?» አሉ።

ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ።

«ሽንት ጨርቅሽን አጥቤያለሁ። ጥርስሽ ሲነቀል አፍሽን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እንደ ሌባ ቆመሽ ሕግ ታነቢብኛለሽ?»

«እማማ፣ እኔ እኮ...»

«የትኛውን መዝጊያ ነው የምትይው? እሷ ያለችበትን?»

«አዎ።»

አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ያስቀመጡትን ልብስ መልሰው አነሱና ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«እኔ ልወስዳት ነበር» አሉ። «ልጄን ለአንድ ጣውላ የሚሆን ቦታ ለምኜዋለሁ። ጠረጴዛሽን ተዪው ሲለኝ እሺ አልኩ፣ ይቺን ግን እወስዳለሁ አልኩት። አባትሽ ዝም ሲል ትተዋት ሊሄዱ ነው ብዬ... ላንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ አለኝ። እናንተ ሥራና ትምህርት ስትሄዱ ማን ጋ እየገባሁ የማወራ መሰለሽ? ቁልፉ እኔ ጋ ነው። መዝጊያውን እከፍትና አንድ ልብስ ሰፍቼ እስክጨርስ እንጫወታለን። እሷም እንደምታዪያት ናት፤ አፏን አትዘጋም።»

የጻፍኩት ሁለት ገጽ ለዚህ የሚሆን መስመር አልነበረውም። ጣውላው የኛ ነው፣ ሥዕሉም የኛ ነው፤ ያን ሁሉ ወሬ የሰማችው ግን የእማማን ነው። አጠገባቸው አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

«ይውሰዷት» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«ዝም በይ።» ጉልበቴን መታ አደረጉኝ። «ተነሺና ያንን ጨርቅ ግፈፊልኝ።»

የጠረጴዛውን ጨርቅ ገፈፍኩት። ሥሩ ጠረጴዛ አልነበረም። በሁለት የእንጨት እግሮች ላይ የተጋደመ መዝጊያ ነበር። ከተገጣጠሙ ሳንቃዎች የተሠራ፣ በአንደኛው ጠርዙ ላይ ለሦስት ማጠፊያ የተፋቀ ቦታ ያለው።

«እናትሽ ናት ተሸክማ ያመጣችልኝ» አሉ እማማ። «‘ለመቁረጫ ያድርጓት፣ ወገብዎ እንዳይጎብጥ’ አለችኝ። ‘እኛ ከዚህ ቤት የወጣን ቀን ግን ይቺን ቦታዋ ይመልሷትና እኔን ከሰዎቼ ጋር ይስደዱኝ። የሰው ግድግዳ ላይ አልቀርም።’ አደራ አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። ግን አደራ ብላለች።»

ሮማዊው ዕቃ ስለማስቀመጥ ውል ሳምንት ሙሉ አስተምረውን ነበር። ያለ ዋጋ መቀበል፣ መጠበቅ፣ ሲጠየቁ መመለስ፤ ሰሌዳውን ሦስቴ ሞልተው ሲጨርሱ ትኬት ቆራጩ «አደራ ማለትዎ ነው?» አላቸው። ጠመኔያቸውን አስቀምጠው «ቀድመህ አትነግረኝም?» አሉት። እማማ ክፍል ውስጥ ቆሜ ትዝ ያለኝ ይህ ነው።

በመዝጊያው ላይ የመቀስ ጭረት፣ የጠመኔ ቅሪት፣ የትኩስ ካውያ ጠባሳ አለ። በአንድ ጥግ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተከታትለው መስመር ሠርተዋል። እማማ ቅድ ከወረቀት ወደ ጨርቅ የሚያስተላልፉባት፣ ጥርስ ያላት ትንሽ መንኮራኩር አለቻቸው፤ በኃይል ከተጫኗት እንጨቱን ትወጋለች። መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት። የትንሽ ልጅ አንገትጌ ነው። ቀጥሎ ክንድ፣ ቀጥሎ ኪስ።

«ያንቺ ነው» አሉ እማማ። «የመጀመሪያ ዓመት የትምህርት ቤት ልብስሽ። እናትሽ ኪሱ ይተልቅ ብላ ተከራከረችኝ፤ ለዚያ ነው እጄ የከበደው።»

ያን ጊዜ ሁለቱንም ፈለግሁ። ሥዕሉንም፣ ቀዳዳዎቹንም። ሕጉ ግን ግልጽ ነው፤ እናቴም ግልጽ ናት።

አባቴ ሲሰማ መጀመሪያ «ማገዶ አላደረገችውም?» አለ። ቀጥሎ እማማ ጋ ሄዶ በር ላይ ቆመ። ሌላ ሥዕል ልሥራልዎ አላቸው።

«ያቺን የፀጉር ቤት ሴትዮ?» አሉት። «ተወኝ ባክህ። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። አዲሱ ቤታችሁም ቁም ሳጥን አለው አይደል? እዚያው ትከላት፣ እሑድ እሑድ እየመጣሁ እከፍታታለሁ። ከዚያ ቤት የምታወጣውን መዝጊያ ደግሞ እንዳትጥለው።»

«አልጥለውም።»

«ለልጅህ ስጣት። እሷ ትጠብቀው፤ ሕግ ታውቃለች።» ወደ እኔ ዞረው ጠቀሱኝ። ታረቁኝ ማለት ነው።

የምንወጣ ዕለት አባቴ በካቻቢቴ የነሐስ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። እኔ ከሥር ያዝኩ። እማማ ብሎኖቹን በመዳፋቸው ተቀበሉ። ከዚያ የድሮውን መዝጊያ አነሳነው። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች ስከፍታቸው አባቴ የገዛቸው ሦስት የብረት ማጠፊያዎች ቦታቸውን አገኙ፤ መዝጊያው ትንሽ ሲጢጥ አለና ገጠመ። አባቴ ውጩን እንደ ግራው መዝጊያ ግራጫ ቀባው። ውስጡን አትንካ አልኩት።

የጥርስ ሐኪሙ ሊረከብ መጣ። ስልኩን ከፍቶ ፎቶዎቹን ከቤቱ ጋር አስተያየ። በር፣ ልክ። ቧንቧ፣ ልክ። ቁም ሳጥን፣ ልክ። ከዚያ የቀኙን መዝጊያ ከፈተና ጎንበስ አለ። ቀዳዳዎቹን እንደ ጥርስ በጥንቃቄ አያቸው።

«ይሄ ነቀዝ ነው እንዴ?»

«የለም» አሉ እማማ። «የትምህርት ቤት ልብስ ነው።»

ሐኪሙ እማማን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና መዝጊያውን አየ። ምን እንደገባው አላውቅም። ፈገግ ብሎ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሮማዊው በማግስቱ መተላለፊያው ላይ ያዙኝ። «እህስ፣ ማን ረታ?»

«ማንም አልተከራከረም፤ የቀድሞ ፊቱ ተገኘ» አልኳቸው፤ የተገኘበትንም ነገርኳቸው። «ያን የመሰለ ጉዳይ ባከነ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሰዓት በኋላ ግን የጎረቤታቸውን ጃንጥላ ይዘው ከግቢው ሲወጡ አየኋቸው። ዝናብ አልነበረም።

ከቤቱ የወጣነው ግን እንዲህ ነው። ዕቃችን በመኪና ቀድሞ ሄዷል፤ እሷን መኪና ላይ መጫን አባቴ እምቢ አለ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ተሸከምናት። ፊቷን ወደ ሰማይ አደረግን፣ ቀለሟ እንዳይፈገፈግ። እማማ ብሎኖቹን በመሐረብ ቋጥረው እያነከሱ ተከተሉን። መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቶ ነበር።

«አባዬ፣ አሁንስ ምን እያለች ነው?» አልኩት ከኋላ።

«ቀስ በሉ፣ ከግንድ ጋር አታጋጩኝ እያለች ነው።»

«የለም» አሉ እማማ ከጀርባዬ። «ኪሱ ይተልቅ ነው የምትለው።»

አባቴ በዕድሜው ሰው ዞር በልልኝ ብሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ እሱ ነው ዞር የሚለው። ያን ቀን ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰማሁት።

«አሳልፉን እባካችሁ! ሰው ይዘናል!»